የተሰወረውን ብልሽት ስለ መፈለግ

ከሙያዎች መካከል ሥራው ለሁሉ የሚታይ አለ፤ ለባለሙያው ብቻ የሚታይም አለ። አናጢ ያቆመው በር ቢጣመም ዐይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ሸማኔ የሠራው ጋቢ ቢሳሳ የለበሰው ሰው በብርዱ ያውቀዋል። ያልታረመ እርሻም እንደ ሆነ፣ መንገድ ዐላፊው ሳይቀር ባለቤቱን ይታዘብበታል። የሬዲዮ፣ የስልክና የፀሐይ መብራት ጠጋኝ ግን የሚሠራው ከባለቤቱ ዐይን በተሰወረ ስፍራ ነው። ዕቃው ተከፍቶ ቢታይ እንኳ ላልተማረው ሰው የሽቦና የእርሳስ ጫካ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ሙያ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፣ ሌላው የማያየውን የሚያይ ሰው ለማያየው ሰው ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ይህ ጥያቄ የጠጋኞች ብቻ እንዳይመስልህ። ሐኪም ሕመምተኛው የማያየውን ያያል። ዳኛ ባላገሩ የማያውቀውን ሕግ ያውቃል። አንተም ራስህ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤውን አምጥቶ «አንብብልኝ» ባለህ ጊዜ፣ እርሱ የማያየውን የምታይ ሆነሃል። የተጻፈውን ብታነብለትም፣ የልብህን ብታነብለትም፣ በዚያች ሰዓት ከሕሊናህ በቀር ዳኛ የለብህም። ስለዚህ ነገሩን በጠጋኙ ምሳሌ ብንመረምረው ለሁላችንም ይጠቅመናል።

ሰቆጣ በቀድሞው ዘመን ከታወቀችባቸው ነገሮች አንዱ የአሞሌ ጨው ገበያዋ ነበር። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ፣ በጭነት ከብት ደጋውን ወጥቶ የመጣው አሞሌ፣ በዋግ ገበያ እንደ ገንዘብ ይለወጥበት ነበር። ገዢውም አሞሌውን አንሥቶ ያገላብጠዋል፤ ጠርዙ ተሸርፎ ወይም ወገቡ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ በዐይኑ አይቶ በእጁ ይዳስሰዋል። ጉድለት ቢያገኝበት ዋጋውን ይቀንሳል፤ አለዚያም «አልፈልግም» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ ሊያታልለው ቢወድ እንኳ ገዢው በገዛ እጁ ላይ ዳኛ ነበረው።

ዛሬ ደግሞ ከደሃና ገጠር ተነሥቶ ወደ አምደ ወርቅ ገበያ የሚሄደውን ገበሬ አስብ። በአንድ እጁ የሚሸጠውን በግ ይጎትታል፤ በጋቢው ጠቅልሎ ዝም ያለች ሬዲዮውን ይዟል። በጉን በሚመለከት ነገር ማንም አያታልለውም፤ ወገቡን ዳስሶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ዕድሜውንና ሥጋውን ይነግርሃል። ወደ ጠጋኙ ደጃፍ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ዕውቀቱ ከውጭ ይቀራል። «ተቃጥላለች» ቢሉት ተቃጥላለች ብሎ ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ይህ መሰወር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ የሄደ ነገር ነው። የጥንቱ ሬዲዮ የሚሠራው እንደ መብራት አምፑል በሚግሉ የብርጭቆ ቫልቮች ነበር፤ አንዱ ክሩ ሲበጠስ ብርሃኑ ይጠፋ ስለ ነበረ አንዳንዱ ብልሽት በዐይን ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካን አገር ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራታይን፣ ከባልደረባቸው ከዊልያም ሾክሊ ጋር በሚሠሩበት ቤት፣ ትራንዚስተር የሚባለውን ትንሽ ዕቃ አስገኙ፤ ሦስቱም በ1956 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። በ1954 የትራንዚስተር ሬዲዮ ለገበያ ወጣ። በጥቂት ድንጋይ የሚሠራ በመሆኑም የኤሌክትሪክ መስመር ወዳልደረሰበት ደጋና ቆላ ሁሉ ለመግባት ቻለ። ነገር ግን ትራንዚስተር ሲሠራም ሲሞትም መልኩ አንድ ነው፤ አይግልም፤ አይጠፋም። ዛሬ በምንይዘው ስልክ ውስጥ ደግሞ ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ሰሌዳ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ተቀምጠዋል። ዕቃው እየረቀቀ በሄደ መጠን የባለቤቱ ዐይን ከእርሱ እየራቀ፣ ጠጋኙም የባለቤቱን ዐይን ተክቶ የሚያይ ዐደራ ተቀባይ እየሆነ መጣ።

ዐደራውም ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ደርሶ መብራትና ስልክ በተቋረጠ ጊዜ፣ በድንጋይ የምትናገር አንዲት ሬዲዮ ወይም በፀሐይ የምትሞላ አንዲት መብራት ለአንድ ቤተ ሰብ ምን እንደ ነበረች የደረሰበት ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰው ብረትና ሽቦ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ የቤቱን ጆሮና የቤቱን ብርሃን ነው።

አሁን ወደ ሙያው ውስጥ እንግባ። ብዙ ሰው ጠጋኝነት ማለት መበየድ ይመስለዋል። መበየድ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ልምድ ያስተምረዋል። ከባዱ የት እንደሚበየድ ማወቅ ነው። ዐዋቂ ጠጋኝ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል፤ «አባቴ፣ መቼ ዝም አለች? በድንገት ነው ወይስ ድምጿ እየደከመ ሄዶ? ወድቃ ነበር? ዝናብ ነክቷት ነበር?» ይላል። ገበሬው የሬዲዮን ውስጥ ባያውቅም የሬዲዮውን ጠባይ ያውቃልና፣ የእርሱ ቃል ከሁሉ የሚቀድም ምስክር ነው። ባለቤቱን ሳይሰማ የሚከፍት ጠጋኝ ምስክር ሳይሰማ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ከቀላሉ ይጀምራል። አንድ አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣልና፣ ያለውን በቴስተር ይለካል። አሮጌ ድንጋይ በውስጧ ተረስቶ ፈሶ፣ የሚነካውን ብረት አዝጎት እንደ ሆነ ይመለከታል። ይህን ሳያደርግ ሰሌዳውን የሚፈታታ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ነው።

ቀላሉ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እዚህም ላይ ሥርዐት አለው። በሬዲዮ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል በመስኖ እንደሚወርድ ውሃ ነው፤ ከአንቴናው ተቀብሎ፣ ከብዙ ማዕበል አንዱን መርጦ፣ አጉልቶ፣ ድምፁን ለይቶ፣ እንደ ገና አጉልቶ ለድምፅ ማጉያው ያደርሰዋል። ውሃው እርሻው ዘንድ አልደርስ ያለው ገበሬ መስኖውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቆፍርም። ወደ መካከሉ ሄዶ ያያል፤ ውሃው በመካከሉ ካለ የተደፈነው ከታች ነው፤ ከሌለም ከላይ ነው። ጠጋኙም እንዲሁ ነው። በድንጋይ የምትሠራውን ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ እግር በመፍቻ ጫፍ ሲነካው ማጉያው «ጭር» ካለ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ከወዲያ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ስምንት ክፍል ያለው ዕቃ ሦስት ጊዜ በመፈተን ብቻ የታመመው ክፍል ይገኛል፤ 8ቱ 4፣ 4ቱ 2፣ 2ቱ 1 ይሆናሉና። በግምት የሚሄድ ግን ስምንቱንም ይነቃቅላል፤ ከዚያም ደኅና የነበረውን አበላሽቶ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ይሆናል።

ሌላም ሥርዐት አለ፤ ይኸውም ምልክቱን ከምክንያቱ መለየት ነው። ፊውዝ ማለት የኤሌክትሪክ ኃይል ከልክ ሲያልፍ ራሱን አቃጥሎ ዕቃውን የሚያድን ቀጭን ሽቦ ነው። ፊውዝ ተቃጠለ ማለት ዘበኛ ጮኸ ማለት ነው። ሰነፍ ጠጋኝ ግን የኃይሉን መብዛት ምክንያት ሳይፈልግ፣ በተቃጠለው ፋንታ ወፍራም ሽቦ ይተክልበታል። ዕቃው ወዲያው ይሠራል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ነገር ግን ጠጋኙ ሌባውን ትቶ ዘበኛውን አስወግዷል፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ዕቃው፣ አንዳንድ ጊዜም ቤቱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችንን አጥብቀን እንመርምር። ያ የደሃና ገበሬ ሬዲዮውን ይዞ ወደ ሦስት ጠጋኞች ሊሄድ ይችላል እንበል። ብልሽቱም ድንጋዩ የሚነካው ብረት መዛግ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሙያውን አያውቅም፤ አለማወቁንም አይናገርም። ይፈታል፣ ይነካካል፣ በመጨረሻም «ሞታለች፣ ሌላ ይግዙ» ይላል። ሁለተኛው ያውቃል። ዝገቱን በአምስት ደቂቃ ፍቆ ያሠራታል፤ ገበሬው ሲመለስ ግን «ትራንዚስተሯ ተቃጥሎ ነበር፣ ለወጥሁት» ብሎ የበጉን ዋጋ እኩሌታ ይቀበለዋል። ሦስተኛው በገበሬው ፊት ከፍቶ፣ «ይኸውልዎ አባቴ፣ ድንጋዩ ፈሶ ብረቱን አዝጎት ነው። ከእንግዲህ ሬዲዮዋን የማይሰሙባት ጊዜ ድንጋዩን ያውጡት» ይላል፤ ለሙያው የሚገባውንም ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጥፋት ግልጽ ነው። አለማወቅ ኃጢአት አይደለም፤ አለማወቅን በዕውቀት ልብስ ሸፍኖ መሸጥ ግን ሐሰት ነው። «ይህን እኔ አላውቀውም፣ ወደ ሰቆጣ ይውሰዱት» ማለት ለጠጋኝ ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ጊዜ «ዐውቀዋለሁ» ሲል እንዲታመን የሚያደርገው ይህ ቃል ነው።

የሁለተኛው ግን ከባድ ክርክር አለው። «ሬዲዮዋ ሠርታለች፤ ገበሬው ደስ ብሎት ሄዷል፤ እኔም ልጆቼን አብልቻለሁ። እንግዲህ የተጎዳው ማን ነው?» ይላል። ይህ ክርክር በብዙ ሙያ ውስጥ የሚሰማ ስለ ሆነ መልሱን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ገበሬው ከገንዘቡ በላይ ተጎድቷል። ወደ ቤቱ የተመለሰው የሐሰት ዕውቀት ይዞ ነው። በዓመቱ ብረቱ እንደ ገና ሲዝግ በቢላዋ ጫፍ ፍቆ ሊያድናት ሲችል፣ «ትራንዚስተሯ ነው» ብሎ እንደ ገና በጉን ይሸጣል። ለጎረቤቱም ያንኑ ያስተምራል። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ጠጋኝ ተጎድቷል፤ ነገ «ዝገት ብቻ ነው» ብሎ ጥቂት ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ትራንዚስተር ለመለወጥ የለመደው ገበሬ ሙያ የሌለው ሰው ይመስለዋልና። ሦስተኛ፣ ከሁሉም ይልቅ የተጎዳው አታላዩ ራሱ ነው። ብልሽትን የመፈለግ ጥበብ መሠረቱ ያልተለካውን አለመናገር ነው። ዝገቱን አይቶ «ቃጠሎ» ማለት የለመደ አንደበት ቀስ በቀስ ዐይንንም ያስለምዳል። ዛሬ ደንበኛውን ለማታለል የተናገረውን ነገ ራሱ ማመን ይጀምራል፤ በመጨረሻም የሚለካው እውነቱን ለማወቅ ሳይሆን ዋጋውን ለመወሰን ይሆናል። ያን ጊዜ ጠጋኝነቱ ቀርቶ መፍቻ የያዘ ነጋዴ ብቻ ይሆናል።

ነገር ግን ለጠጋኙ የምንፈርደውን ያህል በባለ ዕቃውም ላይ ልንፈርድ ይገባናል። ሦስተኛው ጠጋኝ እውነቱን ተናግሮ ዋጋ ሲጠይቅ፣ «ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይህን ያህል? ዝገት መፋቅ ሥራ ነውን?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ለዕውቀት መክፈል ስለማይወድ ለሐሰት ይከፍላል። አምስቱ ደቂቃ ከብዙ ዓመት ትምህርትና ድካም በኋላ የተገኙ ናቸው። ጠጋኙ ለዕውቀቱ ዋጋ መጠየቁ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የዕውቀቱን ዋጋ ባልተለወጠ ዕቃ ስም መሰወሩ ነው። ሕዝብ ለእውነት የሚከፍል ከሆነ እውነተኞች ይበዙለታል፤ ለዕቃ ብቻ የሚከፍል ከሆነ ግን የማያስፈልግ ዕቃ የሚለውጡ ይበዙበታል።

በአገራችን የእጅ ባለሙያ እንዴት ይታይ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻውን ሠርቶ ሲሰጥ ማረሻው ይወደድ ነበር፤ እርሱ ግን ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ይህ ስድብ ከየት መጣ? ብንል፣ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ የጥበቡ መሰወር ይመስለኛል። ሰው የማያውቀውን ጥበብ ሲያይ ወይ ይፈራዋል፣ ወይ ይንቀዋል፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋል። በቀጥቃጩ ላይ ይህ ፍርድ ግፍ ነበር። የዛሬው ጠጋኝ ግን ጥበቡን ለማታለያ መሰወሪያ ቢያደርገው፣ ጥርጣሬውን በገዛ እጁ ይመልሰዋል። ጥርጣሬን ዐዋጅ ብቻውን አያጠፋውም፤ ዕቃውን በባለቤቱ ፊት መክፈት፣ የተቃጠለውን ማሳየት፣ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ መልሶ ማስረከብ ያጠፋዋል።

ይህ ነገር የአንዲት ሬዲዮ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ከትንሹ ዕቃ ወደ ትልቁ እንሂድ። በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሰባት መቶ ሠላሳ ሰባት ማክስ የተባለው የቦይንግ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያው ዐይነት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲነሣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ብዙዎች ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ ቀሰሩ። ነገር ግን ሲመረመር፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ አንድ የኮምፒዩተር ሥርዐት፣ ከአንድ መለኪያ ብቻ የመጣውን የተሳሳተ ቃል እያመነ ይሠራ እንደ ነበረ ታወቀ። ይህም ሥርዐት ከመጀመሪያው አደጋ በፊት በአብራሪዎቹ መመሪያ መጽሐፍ አልተገለጸም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ኩባንያው፣ ሠራተኞቹ ስለዚህ ሥርዐት ለመንግሥት ተቆጣጣሪ እውነቱን ባለመግለጻቸው በቀረበበት የማታለል ክስ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

እነሆ፣ የአምደ ወርቁ ጥያቄ በሰማይም ላይ ያው ነው። የሚያየው ክፍል ለማያየው አልነገረም። በኋላም ብልሽቱን ከመፈለግ ይልቅ ጥፋተኛ መፈለግ ቀደመ። እነዚህ ሁለቱ በቃል የሚቀራረቡ ቢሆኑም በሥራ የሚራራቁ ናቸው። ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው አንድ ሰው ሲያገኝ ያርፋል፤ ብልሽት የሚፈልግ ግን ምክንያቱን እስኪያገኝ አያርፍም። የመጀመሪያው ሲጨርስ አንድ የተዋረደ ሰው ይቀራል፤ ብልሽቱም በስፍራው ይኖራል። ሁለተኛው ሲጨርስ ዕቃው ይድናል፤ የሚቀጥለውም አደጋ ይቀራል።

ይህንንም ወደ ኑሮአችን ብንመልሰው ብዙ እናገኝበታለን። ልጅ በትምህርቱ ሲወድቅ «ሰነፍ ነህ» ማለት ፊውዙን መርገም ነው። ምናልባት ሰሌዳው አልታየውም፤ ምናልባት ሌሊት የሚያጠናበት መብራት የለውም፤ ምናልባት በእርግጥ ሰንፏል፤ ነገር ግን ሳይለካ አይታወቅም። ባልንጀራ ሲኮርፍ፣ ትዳር ሲናጋ፣ ማኅበር ሲፈርስም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከቀላሉ መጀመር፣ ደኅናውን ከታመመው መለየት፣ ምልክቱን ከምክንያቱ አለማምታታት፣ በመጨረሻም ያገኙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መናገር ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የሌላውን በሽታ ዐውቆ የደበቀውም ሐኪም ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የሚያይ ሰው ለማያየው ሰው ያለበት ዕዳ ሁለት ነው፤ አንዱ በእርግጥ ማየት ነው፣ ሁለተኛው ያየውን በእርግጥ መናገር ነው። ሙያ የሌለው ቅንነት የገበሬውን ሬዲዮ አያሠራም፤ ቅንነት የሌለው ሙያም ሬዲዮዋን አሠርቶ ገበሬውን ያሳውራል። ወጣት አንባቢ ሆይ! በሰቆጣም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህን ሙያ ለመማር ብትነሣ፣ ቴስተርህን ከመግዛትህ በፊት ይህን ዕወቅ። መርፌው ለባለጸጋና ለድኃ፣ ለሚያየውና ለማያየው ያንኑ ቁጥር ያሳያል። አንተም አንደበትህን እንደ እርሱ አድርገው።